ፐ ሳንደርስ አጨዳ ደረሰ

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ እኛ መንደር፣ ወደ ሱሉልታ ገጠር የመጣ ጊዜ፣ አንድ ቀጭን አስተማሪ ሰሌዳውን ጽድ ላይ አንጠልጥሎ ከሀ ጀምሮ አንድ በአንድ ይዞን ወረደ። ቀስ እያልን ሄድን። ሠ እና ሰ ላይ ተጨቃጨቅን፤ ለአንድ ድምፅ ሁለት ፊደል ምን ያደርጋል ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬም መልስ አላገኘሁም። እንዲህ እንዲህ እያልን ፈ ላይ ስንደርስ ገብሱ ደረሰ። አስተማሪው፣ "አንዲት ፊደል ናት የቀረችን፣ ነገ እንጨርሳታለን" አለ። ማን ይምጣለት። በማግስቱ ሁላችንም ማጭድ ይዘን ማሳ ላይ ነበርን፤ እሱም ራሱ ሲያጭድ ዋለ። የቀረችው ፊደል ፐ ነበረች።

ብትቀርስ ምን ጎደለብኝ ብዬ ነበር። የእናቴ ቋንቋ ኦሮምኛም አያውቃትም። ከባዷን ጰን ያውቃል፤ "ብቻዬን" ለማለት "ቆጳ" እንላለን፣ ጳጳሱንም ጳጳስ ብዬ አሳምሬ እጠራቸዋለሁ። ቀላሏ ፐ ግን አፌ ላይ ስትደርስ በ ሆና ትወጣለች። ፖሊሱን ቦሊስ፣ ፓስታውን ባስታ እያልኩ ሸመገልኩ፤ ማንም ሰው ባስታ ብዬ አዝዤ ሌላ ነገር አቅርቦልኝ አያውቅም። እዚህ ጽሑፍ ላይ ፐን በቦታዋ ብታዩአት እጄ ዘግይቶ ስለተማረ ነው። አፌ አልተማረም።

በዚችው ፊደል ምክንያት አንድ ሰሞን በልጅ ልጄ ላይ ያመጣሁባትን ጣጣ ነው የምነግራችሁ።

ከባለቤቴ ጋር ቡራዩ ከገባን ብዙ ዘመናችን ነው። እኔ ሰበታ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ አሁን እዚያው ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ የእሷ ልጅ ግን ኮሌጁ ይቀርባታል ተብሎ ወደ እኛ መጣች፣ ከተመረቀችም በኋላ ከእኛ ጋር ቀረች። የተማረችው አካውንቲንግ ነው። አካውንቲንግ የተማረ ልጅ ያለበት ቤት የሚጠብቀው አንድ ወሬ ነው። እኛም እሱኑ ስንጠብቅ ከረምን።

አንድ ቀን ጠዋት ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅኩ ሳለሁ ከክፍሏ ወጣች። የራሷ ግማሽ ተላጭቷል፤ ግማሹ ጸጉር እንዳለ ነው።

"አባባ፣ አይደንግጡ" አለችኝ።

"ቅማል ነው?"

"አይደለም። ፓንክ ሆኜ ነው።"

እኔ የሰማሁት "ባንክ ሆኜ ነው" ነው። ስጠብቀው የከረምኩት ወሬ ስለሆነ አነጋገሩን አልመረመርኩም። ዛሬ ልጆቹ እንዲህ ነው የሚናገሩት፣ "ታክሲ ነኝ" ይላሉ ታክሲ ውስጥ ሆነው።

"መቼ ገባሽ ልጄ?"

"ቆየሁ። እንዳትቆጡኝ ብዬ ነው የደበቅኳችሁ።"

"ለምን እንቆጣሻለን። ስንጸልይ የከረምነው ለዚህ አይደለም እንዴ።"

ከዚያ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰች። "እንዲህ ይሉኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም" አለች። እኔም አለቀስኩ። እንዲያ ሆነን፣ ሁለት ሰዎች በሁለት የተለያየ ነገር ተቃቅፈን አለቀስን።

ለባለቤቴ ስነግራት ወዲያው አላመነችም። እሷ የጎጃም ሰው ናት፣ ነገር ታጣራለች።

"ጸጉሯንስ?"

"ዘመኑ ነው። እኔ በልጅነቴ ቁንጮ ነበረኝ፣ ዙሪያውን ተላጭቼ።"

"አንተ ባንክ አልሠራህም።"

የቀረውንም ነገር በዚሁ መንገድ ተረጎምኩት። ወገቧ ላይ ሰንሰለት አንጠለጠለች፤ የካዝና ቁልፍ ሊሰጧት ነው አልኩ። ጃኬቷ ላይ መርፌ ቁልፍ ደረደረች፤ ወረቀት ማያያዣ ይሆናል። የወታደር ጫማ አደረገች፤ ባንክ ቤት ብዙ መቆም አለ፣ ይሄን እንኳ ጥበቃ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ነው፤ ገና ጀማሪ ናት አልን፤ ባለቤቴም ልጅቷ እስክትተኛ ጠብቃ ጠቀመችላት። በማግስቱ ልጅቷ ስፌቱን ቁጭ ብላ ስትፈታ አገኘናት። "ትሑት ናት" አልኩ ለባለቤቴ። "አዲስ ልብስ ለበሰች እንዳትባል ነው።"

ባለቤቴ ለሱቋ ሴትዮ ነገረች። ለሱቋ ሴትዮ የተነገረ ነገር ቡራዩን ለመዞር ታክሲ አያስፈልገውም። ሰው መንገድ ላይ እያቆመ እንኳን ደስ ያለዎት ይለኝ ጀመር። ደስታው ሲያልቅ ደግሞ ካላንደሩ መጣ። መቼም ባንክ ቤት ዘመድ ያለው ሰው ለዘመን መለወጫ ካላንደር ያመጣል ተብሎ ይታሰባል። "አደራ፣ ትልቁን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን" ያላለኝ ሰው የለም። እኔም ለሁሉም እሺ አልኩ።

እንዲህ እያለን አንድ ወጣት በራችንን አንኳኳ። ስከፍት ቁንጮውን አየሁት። ዙሪያውን ተላጭቶ መሃሉን ቀይ ቀለም ቀብቶ እንደ አውራ ዶሮ ጉትዬ አቁሞታል። የባንክ ቤቱ ቁንጮ ለሁሉም ነው ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ነው የጨበጠኝ።

"ሰላም ነው ፋዘር?"

"አካም ጅርታ ልጄ፣ ግባ።"

"ፋያ። የለችም እንዴ?"

"ወጣ ብላለች።"

"ሱቁ ጋ ቤቱን ስጠይቅ 'የባንኳን ልጅ ነው የምትፈልገው?' አሉኝ። ተሳስተው ነው አይደል?"

"ምን ተሳሳቱ። ባንክ ናት እንጂ።"

"ባንክ?"

"ባንክ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኧረ ቆይታለች። ደብቃን ነበር። አሁን ግን ሰፈሩ ሁሉ አውቆላታል፣ እኛም መርቀናታል።"

ልጁ መሬት መሬት አየ። "እኛንም ደብቃን ነበር" አለ። ግባና ውሃ ጠጣ ብዬ ብለምነው እምቢ ብሎ ሄደ። ሲሄድ ቁንጮው ብቻ ከአጥሩ በላይ ይታየኝ ነበር።

በማግስቱ ልጅቷ ከሰበታ ተመልሳ ገባችና ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ምሳ ብንል የለም።

"ምን ሆንሽ?" አለች ባለቤቴ።

"አባረሩኝ።"

"ባንኩ?" ባለቤቴ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች።

"ምን አጎደልሽ ልጄ?" አልኩ። "ሒሳብ ተሳሳተብሽ?"

"የምን ሒሳብ?"

"ባንክ ሰው የሚያባርረው በሒሳብ ነዋ።"

አንገቷን ቀና አድርጋ ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችን። "የምን ባንክ?"

"የአንቺ ባንክ።"

"አባባ፣ አንቱ ነዎት ለመጣው ልጅ የነገሩት? ባንክ ናት ብለው?"

"አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ባንክ ሆኜ ነው ብለሽ።"

"ባንክ አይደለም። ፓንክ። በፖሊስ ፖ።"

"ቦሊስ ምን አገባው? ቦሊስ ይዟችኋል?"

"አልያዘንም። ፊደሉን ነው የምልዎት። እስቲ ፓ ይበሉ።"

"ባ።"

"ፓ። በከንፈርዎ እፍ ብለው።"

እፍ አልኩ። "ባ።"

"ፓንክ" አለች ባለቤቴ ከጥግ፣ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት አድርጋ። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "ስንት ሰው ነው ካላንደር የሚጠብቀው?"

ልጅቷ አስረዳችን። ፓንክ የሙዚቃ ዓይነት ነው፣ አኗኗርም ነው። ሦስት ሆነው ሰበታ አንድ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ ይለማመዳሉ። ቁንጮው ልጅ የሱሉልታ ነው፣ እሱ ይዘፍናል። ሌላው ማየት የተሳነው የሰበታ ልጅ ነው፣ ጊታር ይመታል። እሷ ድራም ናት።

"እና ባንክ ብትሆኚ ምን ገዷቸው?" አልኳት።

"ፓንክ ማለት አባባ፣ ሌላው ሰው ሁኚ ያለሽን አለመሆን ነው። ቀን ባንክ ቤት ተቀምጦ ከሥራ በኋላ ፓንክ ነኝ የሚል ሰው ፎርጅድ ነው ይላሉ።"

"እነሱ እንዲህ ሁኚ አሉሽ፤ አልሆንሽም ብለው አባረሩሽ።"

"አዎ።"

"ታዲያ ሌላው ሰው ሁኚ ያለሽን…"

"አባባ፣ እባክዎ ይተዉት።" የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። "ከተመረቅኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ 'ሥራ አገኘሽ ወይ' ብቻ ነው። እዚያ ከበሮ ላይ ስቀመጥ ብቻ ነው የማይጠይቁኝ።"

ከበሮዋን ያስነጠቃት የእኔ ምላስ ነው። ምላስ ያበላሸውን ደግሞ እኛ አገር የምናስተካክለው በሽምግልና ነው። ጠዋት ተነስቼ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ የወጣ አናጢ ነው፤ ትንሽ የሚናገር፣ ብዙ የሚሰማ፣ ለሽምግልና የተፈጠረ ሰው። እንደ እኔው የሱሉልታ ተወላጅ ነው።

"የልጅ ልጄን ከባንክ አባረሯት" አልኩት። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ሄደን እንለምንላት።"

"የት ነው ባንኩ?"

"ሰበታ።"

ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ለልጁ ሠርግ የገዛትን ክራቫት አስሮ መጣ። ክራቫቷን ሳይ ነገሩ እንዳልገባው ገባኝ። ታክሲ ውስጥ ላስረዳው ሞከርኩ።

"ባንክ አይደለም እኮ፣ ባንክ ነው።"

አየኝ።

"ማለቴ፣ ሰው ባንክ መስሎት ነው እንጂ፣ ነገሩ ባንክ ነው።"

"ኦቦ፣ ደህና አድረሃል?" አለኝ። ከዚያ በኋላ አየር ጤና ወርደን ሌላ ታክሲ እስክንይዝ ድረስ እጄን ይዞ መንገድ አሻገረኝ።

ጋራዡን ጠይቀን አገኘነው። ጓሮው ውስጥ ያረጀ መጋዘን አለ፤ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ለጥፈውበታል። የሱሉልታው ልጅ ሽቦ ሲጠቀልል አገኘነው። የሰበታው ልጅ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቴ ጣሪያውን፣ ካርቶኑን፣ ቁንጮውን በየተራ ተመለከተ።

"ባንኩ ይሄ ነው?" አለኝ በኦሮምኛ።

"ይሄ ነው።"

ክራቫቱን ጠበቅ አደረገ። የያዘውን ጉዳይ የሚጥል ሰው አይደለም።

"ፋዘር፣ ቁጭ በሉ" አለ የሱሉልታው ልጅ ሰሌን እያነጠፈ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልኩ። የሽምግልና ደንብ ነው። ልጁ ደንቡን ያውቃል መሰለኝ፣ እሱም ቀጥ ብሎ ቆመ። የሰበታው ልጅ ሁላችንም እንደቆምን ሲሰማ ከጀሪካኑ ተነሳ።

"በመጀመሪያ አንተ የማን ልጅ ነህ?" አልኩት የሱሉልታውን።

"ፋዘር፣ እሱ ከጉዳዩ ጋር…"

"የማን ልጅ ነህ?"

ነገረኝ። ጎረቤቴ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው ሆነ። አያቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ አብረን ከብት ጠብቀናል።

"አያትህም ቁንጮ ነበረው" አለ ጎረቤቴ። "የሱ ግን ወደ ኋላ ያዘነበለ ነበር።"

የሰበታው ልጅ ሳቀ። "ጀለስ፣ አዲስ ነገር አመጣሁ ስትል አልነበር" አለው። የሱሉልታው ልጅ ቁንጮውን በእጁ ዳሰሰ።

ከዚያ ጉዳዩን አቀረብኩ። ልጅቷ አልዋሸችም፣ የዋሸው አፌ ነው አልኩ። እሷ ባንክ ስትል እኔ ባንክ ሰማሁ፤ እኔ ባንክ ስል ሰፈሩ ባንክ ሰማ፤ አንተም መጥተህ ባንክ ስልህ ባንክ ሰምተህ ሄድክ።

"ፋዘር፣ ይቅርታ፣ አልገባኝም" አለ የሱሉልታው ልጅ።

የሰበታው ልጅ ግን ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ነበር። "ቆይ" አለው። "አባት፣ እስቲ ፓፓያ ይበሉ።"

"ባባያ።"

"ፖፖ።"

"ቦቦ።"

"እርስዎስ?" አለ ወደ ጎረቤቴ ዞሮ። "ፓፓያ።"

"ባባያ" አለ ጎረቤቴ፣ ፍርድ ቤት እንደ ቀረበ ምስክር ኮስተር ብሎ።

ልጁ ጊታሩን መሬት አስቀመጠ፤ ሳቁ እንዳይጥልበት ነው። ጎረቤቴም ያኔ ነው የበራለት። "እና ባንክ የምትለኝ ባንክ አይደለም?" አለኝ።

"ከቡራዩ ጀምሮ የምልህ እሱን አይደል።"

የሱሉልታው ልጅ ግን አልሳቀም። "እሺ፣ የቃሉ ነገር ይሁን" አለ። "ግን ባንክ ቤት እንዳልገባች በምን አውቃለሁ? ማረጋገጫ ያለው ማነው?"

ማረጋገጫማ የእኔ ቃል ነው። ሽማግሌ የመጣው ለዚህ ነው። እጄን አነሳሁና፣ "ይቺ ልጅ የባንክ ደጅ እንዳልረገጠች እም…" ስል ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ።

"አባባ፣ አይማሉ።"

እሷ ናት። ባለቤቴ የት እንደሄድን ስትነግራት ታክሲ ይዛ ተከትላናለች። ትንፋሿ እየተቆራረጠ በሩ ላይ ቆመች።

"ፈተና ተፈትኜ ነበር" አለች። "ባንክ፣ በበሬ በ። ፓንክ ከመሆኔ በፊት ነው የተመዘገብኩት። ትናንት ማታ ደወሉልኝ፣ አልፌያለሁ። ሰኞ እጀምራለሁ።"

እጄ አየር ላይ እንደቆመ ቀረ። ጎረቤቴ ቀስ ብሎ ይዞ አወረደልኝ። በሐሰት ከመማል ያዳነችኝ ራሷ ልምልላት የነበረችው ልጅ ናት። አንድ ቃል ዝም ብትል እኮ ከበሮው የሷ ነበር።

"ስለዚህ ፎርጅድ ነሽ" አለ የሱሉልታው ልጅ።

"እናቴ ፋብሪካ ቆማ ነው ያስተማረችኝ" አለች። "ሥራው መጥቶልኝ እምቢ ብል ነው ፎርጅድ የምሆነው፣ ለእናንተ ብዬ እምቢ ማለቴ ነውና። አባባ በውሸት ሲምሉልኝ ዝም ብል ደግሞ ያኔም ፎርጅድ ነኝ። ከዚህ በላይ ምን እንደምል አላውቅም። ባንክ እገባለሁ። ከበሮውንም እፈልገዋለሁ።"

እኔ ስለ ፓንክ የማውቀው በዚያ ሳምንት የሰማሁትን ብቻ ነው። ግን ሰው ሁሉ፣ እኛም ጭምር፣ እንዲህ ሁኚ በሚላት መሃል ቆማ የሆነችውን የተናገረች መስሎ ታየኝ። ይህንን ጮክ ብዬ አላልኩም። ጉልበቴም ያመኝ ነበር፣ እስካሁን ቆመናል።

የሱሉልታው ልጅ ሽቦውን ጠቅልሎ ጨረሰ።

"ባንክ ቅዳሜ መቼ ነው የሚለቃችሁ?" አለ በመጨረሻ።

"ግማሽ ቀን ነው።"

"ከምሳ በኋላ ትደርሻለሽ?"

"መንገዱ ካልተዘጋጋ።"

"ከበሮው አቧራ ይዟል" አለ። "ጥረጊው።"

ይቅርታው ይሄው ነበር። እኛም ያን ጊዜ ተቀመጥን፤ ሰሌኑ ላይ ስወርድ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ጮኸ። እርቅ ከወረደ ደግሞ ምርቃት አለ፣ ያለ ምርቃት ተነስቶ መሄድ ነውር ነው። ሦስቱም ፊታችን ተሰበሰቡ። መዳፌን ዘረጋሁ።

"ሀብት ይስጣችሁ።"

"ፋዘር፣ ይቅርታ" አለ የሱሉልታው ልጅ። "እሱ ለእኛ አይሆንም።"

"እሺ። ወግ ማዕረግ ያሳያችሁ።"

"ወግም ማዕረግም ይቅርብን።"

"ስማችሁ በአገር ይጠራ።"

"ያኔማ ሁላችንም ፎርጅድ ሆንን ማለት ነው።"

"እኔ ሁሉንም ወስጃለሁ" አለ የሰበታው ልጅ። "እነሱ የመለሱትንም ለእኔ ያድርጉልኝ።"

"ድምፃችሁ ይሰማ" አልኩ እንግዲህ ቸግሮኝ።

"እሱስ ዓለም ገና ድረስ ይሰማል ብለውናል የጋራዡ ሰዎች" አለ ጎረቤቴ።

የልጅ ልጄ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። በዕድሜዬ ሠርግ መርቄያለሁ፣ እርቅ መርቄያለሁ፣ ምርቃት የሚመልስ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። አየኋቸው፤ ከሦስት ከተማ በሦስት ታክሲ የሚመጡ ልጆች ናቸው።

"እንግዲያው ቅዳሜ ቅዳሜ ያገናኛችሁ" አልኳቸው።

እዚህ ላይ ሦስቱም አሜን አሉ። የሱሉልታው ልጅ ቁንጮውን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው።